አናሎግ ምስል በርካሽ ኤችዲ ቴሌቪዥን ላይ

የአናሎግ ምስል የተቀመረው ጀርባው ወፍራም ለነበረው ለባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ነው። በኢትዮጵያና በብዙ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ተለምዶ የነበረው ፓል የተባለው ስልት ምስሉን በ625 መስመሮች ይከፍለዋል፤ ለዓይን የሚታዩት ግን 576ቱ ናቸው። የአሜሪካና የጃፓን ኤንቲኤስሲ 525 መስመሮች ሲኖሩት ከ480 ገደማ በላይ አይታዩም።

ኤችዲ ስክሪን በበኩሉ ቁጥራቸው የማይለወጥ ነጥቦች አሉት። በርካሹ ባለ 32 ኢንች ላይ ብዙ ጊዜ 1366 በ768፣ ፉል ኤችዲ በሚባለው ላይ ደግሞ 1920 በ1080 ናቸው። የፓል ምስል ወደ ዲጂታል ሲለወጥ 720 በ576 ነጥብ ይወጣዋል፤ ይህ የፉል ኤችዲ ስክሪን አንድ አምስተኛ ነው። የቀሩትን አራት እጅ ቴሌቪዥኑ ከአጠገባቸው ካሉት ነጥቦች እየገመተ ይሞላል። ውድ ቴሌቪዥን ለዚህ ግምት ጥሩ ፕሮሰሰር አለው፤ በርካሹ ላይ ዋጋ ከሚቀነስባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ፕሮሰሰር ነው። ምስሉ ሲደበዝዝ ሰው የሚወቅሰው ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት የለበትም።

ግምቱ ክፉኛ የሚፈተነው እንቅስቃሴ ሲኖር ነው። አናሎግ ምስል ተሟልቶ አይመጣም፤ መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው መስመሮች ይላካሉ፣ ሙሉ ቁጥር ያላቸው በፓል ከሰከንድ አንድ ሃምሳኛ በኋላ ይከተላሉ። ባለ ቱቦው ቴሌቪዥን እንደ አመጣጣቸው በየተራ ይስላቸው ነበር። ጠፍጣፋው ግን ሁለቱን ግማሾች አንድ ማድረግ አለበት፤ የኳስ ጨዋታ ከሆነ እስከዚያ ድረስ ኳሱም ተጫዋቹም ቦታ ቀይረዋል። ግማሾቹ እንዲሁ ከተገጣጠሙ የሚሮጠው ተጫዋች እግር ዳር ዳሩ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቆ ይታያል።

የቀለሙ ጣጣ የሚመጣው ከገመዱ ነው። ከዲቪዲ ማጫወቻ ወይም ከዲሽ ሪሲቨር የሚወጣው ባለ ቢጫ ራስ ገመድ ብርሃንንና ቀለምን ደባልቆ በአንድ ሽቦ ያሳልፋል፤ በፓል ቀለሙ የሚጫነው 4.43 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ቴሌቪዥኑ ሁለቱን አጥርቶ ካልለየ በቀይ ጽሑፍ ጠርዝ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ይርመሰመሳሉ፤ ጥብቅ መስመር ባለው ሸሚዝ ላይ ደግሞ የሌለ ኅብረ ቀለም ይፈጠራል። አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ራስ ያለው ኮምፖነንት ገመድ ብርሃኑንና ቀለሙን ለያይቶ ስለሚያደርስ ከዚህ ነጻ ነው። እሱም አናሎግ ነው፤ ሆኖም ኤችዲ ምስል ጭምር ያሳልፋል። ስለዚህ ጉድለትን ሁሉ አናሎግ በሚለው ስም ላይ መለጠፍ ትክክል አይደለም።

ፋብሪካው ከፍ አድርጎ የሚተወው የጥራት ማስተካከያ፣ ሻርፕነስ የሚባለው፣ በደካማ ምስል ላይ ነገሩን ያባብሳል፤ በነገሮች ዙሪያ ነጭ ጠርዝ እየሳለ ብናኙንም ያጎላል። በሪሞት ወደ ዜሮ ማስጠጋት ይሻላል። 4 በ3 የሆነውን ምስል ወደ 16 በ9 መለጠጥም ፊትን ከማስፋት በቀር ትርፍ የለውም። ሪሲቨሩ የኤችዲኤምአይ መውጫ ካለው ግን በቢጫው ገመድ መጠቀም የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም።