ከዶንግ ሞ እስከ ንጋት፦ የግድብ ሐይቅና ለስላሳ ጀርባዋ ኤሊ

ከቬትናም ዋና ከተማ ከሃኖይ በስተምዕራብ ዶንግ ሞ የሚባል ሐይቅ አለ። ተፈጥሮ የሠራው ሐይቅ አይደለም፤ በግድብ የተጠራቀመ ውሃ ነው። በኤፕሪል 2023 እ.ኤ.አ. በዚህ ውሃ ላይ አንዲት ግዙፍ ኤሊ ሞታ ተንሳፍፋ ተገኘች። ርዝመቷ ከአንድ ሜትር ተኩል ያልፋል፤ ክብደቷ 93 ኪሎ ግራም ነበር። የያንግትዜ ግዙፍ ለስላሳ ጀርባ ኤሊ ከሚባለው ዘር በዓለም ላይ የምትታወቅ የመጨረሻዋ ሴት እሷ ነበረች። ዛሬ ከዚህ ዘር በእርግጠኝነት የሚታወቀው በቻይና ሱጆ ከተማ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ብቻውን የሚኖር አንድ አዛውንት ወንድ ነው።

«ታዲያ የቬትናም ኤሊ ለአሶሳ ሰው ምኑ ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ነገሩ ነው። አንደኛ፣ ያቺ ኤሊ የኖረችውም የሞተችውም በግድብ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ደግሞ ጉባ ላይ ከአፍሪካ ትልልቅ ሰው ሠራሽ ሐይቆች አንዱን ይዟል። ሁለተኛ፣ የዚያች ኤሊ ዘመድ የናይል ወንዝ ነዋሪ ናት። ሳይንስ ስም ያወጣላት ራሱ በናይል ላይ በተገኘች ናሙና ነው።

እስቲ ከዘመዷ እንጀምር፤ እኔን ከሁሉ በላይ የምታስገርመኝ እሷ ናት። አብዛኞቻችን ኤሊ ሲባል የሚታየን ደረቅ መሬት ላይ የሚያዘግመው፣ ጀርባው እንደ ድንጋይ የጠጠረው እንስሳ ነው። የናይሏ ኤሊ ከዚያ ጋር እምብዛም አትመሳሰልም። ጀርባዋ እንደ ምጣድ ክብና ጠፍጣፋ ሆኖ የተሸፈነው በቆዳ ነው፤ ጠርዙ ሲነካ ይታጠፋል። አፍንጫዋ ረዘም ብሎ እንደ ቱቦ የወጣ ነው፤ ገላዋን ውሃ ውስጥ ቀብራ የአፍንጫዋን ጫፍ ብቻ ብቅ አድርጋ ትተነፍሳለች። በእያንዳንዱ እግሯ ላይ ሦስት ጥፍር ስላላት የላቲን ስሟም «ባለ ሦስት ጥፍር» የሚል ነው፦ ትሪዮኒክስ ትሪዩንጉዊስ። ስሙን ያወጣላት በ1761 እ.ኤ.አ. ከዴንማርክ ጉዞ ቡድን ጋር ግብፅ የገባው ስዊድናዊው ተመራማሪ ፒተር ፎርስኮል ነው። እሱ በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ጽሑፉን ከቡድኑ በሕይወት የተረፈው ካርስተን ኒቡር በ1775 አሳተመለት።

ይቺ ኤሊ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ ጀርባ ልታወጣ ትችላለች። ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ የሞተ እንስሳ፣ የፍራፍሬ ውዳቂ ያገኘችውን ትበላለች። በአገራችን ኦሞ ወንዝና ቱርካና ሐይቅ ውስጥ አለች፤ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ቱርክ የባሕር ዳርቻ ድረስም ትገኛለች። አሁን የምነግራችሁ ግን ይብሳል፦ ውሃ ውስጥ ሆና ትተነፍሳለች። በእርግጥ ሳንባ አላት፤ እየወጣችም አየር ትስባለች። ነገር ግን ውሃ ውስጥ ተቀብራ ስትቆይ በቆዳዋና በጉሮሮዋ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ስሮች አማካይነት ከውሃው ኦክስጅን ትወስዳለች። አሸዋ ውስጥ ራሷን ደብቃ ረጅም ጊዜ አድፍጣ የምትቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ስጦታዋ ድክመቷም ነው፤ በቆዳዋ የሚያልፍላት ኦክስጅን ብቻ አይደለምና ቆሻሻ ውሃ ከሌሎች ኤሊዎች ይልቅ እሷን ቶሎ ይጎዳታል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሌላም የጨው አልባ ውሃ ኤሊ አለ፤ አንገቱን ወደ ውስጥ በመሳብ ፈንታ ወደ ጎን አጥፎ ከጀርባው ጠርዝ ስር የሚደብቅ ትንሽ ዝርያ ነው። ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ዝናብ ይጠብቃል። ለብዙ ዘመን በመላው አፍሪካ አንድ ዝርያ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሮ በ2014 እ.ኤ.አ. የዘረመል ጥናት ቢያንስ አሥር ዝርያ መሆኑን አሳየ። እሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

ወደ እስያ እንመለስ። በ1990ዎቹ የቻይና ኢኮኖሚ ሲያድግ የኤሊ ሥጋ፣ ከኤሊ ጀርባ የሚሠራ ባህላዊ መድኃኒትና በቤት የሚያዝ ኤሊ ፍላጎት አብሮ ጨመረ። ከቬትናም፣ ከላኦስ፣ ከካምቦዲያ፣ ከምያንማርና ከኢንዶኔዥያ ወንዞች ኤሊ በቶን እየተጫነ ሄደ። በዲሴምበር 1999 ባለሙያዎች ፕኖም ፔን ላይ ተሰብስበው ሲያሰሉት የአንድ አህጉር ኤሊዎች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊያልቁ መሆናቸውን ተረዱ። በዲሴምበር 2001 ሆንግ ኮንግ ላይ በአንድ ጭነት ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጉ ኤሊዎች በሕይወት ተያዙ።

ኤሊ ከዓሣ በተለየ ለምን ቶሎ ያልቃል? ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በወራት ውስጥ ለመራባት ይደርሳል፤ ዘንድሮ ብታሰግሩት ከርሞ ይተካል። ኤሊ ግን እንቁላል ለመጣል ዓመታት ይፈጅባታል። ከምትጥላቸው እንቁላሎችና ጫጩቶች አብዛኞቹን ወፉ፣ ዓሣውና አርጃኖው ይበላቸዋል። ተፈጥሮ ይህን ያካካሰችው ያደገችውን እናት ረጅም ዕድሜ ሰጥታ፣ በየዓመቱ ደግማ ደጋግማ እንድትጥል በማድረግ ነው። እንግዲህ ሰው እንቁላሉን ትቶ ያቺን ትልቅ እናት ሲወስድ ሒሳቡ በሙሉ ይፈርሳል። በየዓመቱ ጥቂት ትልልቅ ሴቶች ብቻ ቢጠፉ እንኳ የወንዙ ኤሊ ቁጥር ቀስ እያለ ይወርዳል። ኤሊዎቹ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩም መመናመናቸውን ማንም ቶሎ ልብ አይልም።

«ታዲያ ለምን በእርባታ አይተኩም?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ቻይናም ይህንኑ ብላ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ኤሊዎች የሚሸጡ እርባታዎችን ዘርግታለች። የዱሩን ግን አላዳነችም። የዱር ኤሊ ዋጋው ከእርባታው ይበልጣል፤ አርቢዎቹ ራሳቸውም ለዘር የሚሆን ትልቅ የዱር ኤሊ ይገዙ ነበር። ነገ አንዱ ባለሀብት በአባይ ዳር የኤሊ እርባታ ልክፈት ቢል የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ይቅርብን።

የሱጆው ታሪክ ደግሞ ሲዘገይ ምን እንደሚመጣ ያሳያል። በ2008 እ.ኤ.አ. ከቻንግሻ የእንስሳት ማቆያ አንዲት ሴት ወደዚያ አዛውንት ወንድ ዘንድ ተወሰደች። በየዓመቱ እንቁላል ጣለች፤ አንዱም አልተፈለፈለም። ወንዱ ከዓመታት በፊት ከሌላ ወንድ ጋር ሲጣላ ብልቱ ተጎድቶ ነበር። ሐኪሞች በሰው ሠራሽ ዘዴ ሊያስፀንሷት ሞከሩ። በኤፕሪል 2019 ለአምስተኛ ጊዜ ከተሞከረ በኋላ በማግስቱ ሞተች። በእነዚያው ዓመታት በመግቢያዬ ያነሳኋት ኤሊ ዶንግ ሞ ውስጥ ነበረች። በ2008 ጎርፍ ግድቡን ሲያፈርሰው ወጥታ በዓሣ አስጋሪ መረብ ተይዛ፣ ከብዙ ልመናና ድርድር በኋላ ወደ ሐይቋ ተመልሳ ነበር። ሴት መሆኗ የተረጋገጠው ግን በ2020 ነው፤ ያኔ የሱጆዋ ከሞተች ዓመት አልፏታል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ እሷም ሞተች።

ደስ የሚል ታሪክም አለ። በምያንማር ጠፍታለች የተባለች ሌላ የወንዝ ኤሊ ነበረች፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጥቂቶቹ በሕይወት ተገኙ፤ የተወሰኑት የነበሩት ማንዳሌ ከተማ ውስጥ በአንድ የቡድሃ መቅደስ ኩሬ ውስጥ ነበር። ባለሙያዎቹ በቺንድዊን ወንዝ ዳር ከሚኖሩ ገበሬዎች ጋር ተስማሙ፤ ገበሬዎቹ የአሸዋውን ዳርቻ ይጠብቃሉ፣ እንቁላሉ ተለቅሞ በጥበቃ ይፈለፈላል። ዛሬ በማቆያ ያሉት ወደ አንድ ሺህ ገደማ ናቸው። የረዳቸው ቴክኖሎጂ ረቂቅ አይደለም፤ ጠባቂ፣ አሸዋና ትዕግሥት ነው።

ኤሊ በማቆያ መያዝ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከኤሊው ይልቅ ውሃውን ነው የምትጠብቁት። ከሽንቷና ከምግብ ትርፍራፊ አሞኒያ ይወጣል፤ ማጣሪያው ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ጉዳቱ ወደቀነሰ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪራቡ ሳምንታት ይወስዳል። ማጣሪያ በሌለው ሳፋ ውስጥ አሞኒያው ተከማችቶ ቆዳዋን ይበላዋል። ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። ኤሊ ከምግቧ ያገኘችውን ካልሲየም በአጥንቷና በጀርባዋ ላይ የምታደርሰው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛት ነው፤ የመስኮት መስታወት ደግሞ ይህን ጨረር ያስቀርባታል። መስኮት ዳር ፀሐይ እያየች የምትኖር ኤሊ አጥንቷ ሊለሰልስ የሚችለው ለዚህ ነው። ለለስላሳ ጀርባዎቹ ሦስተኛም ነገር አለ፦ ደቃቅ አሸዋ። በጠጠር ላይ ከተቀመጠች ቆዳዋ ይጫራል፣ ጭረቱ ይቆስላል፣ ቁስሉ ይሻግታል። ከጎኗ ይዞ አንስቷት የሚያውቅ ሰው ደግሞ ረጅም አንገቷ ዞሮ እስከ እጁ እንደሚደርስ በጥርስ አልባ ስለታም መንጋጋዋ ተምሯል!

 

አሁን ወደ ጉባ እንምጣ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጀርባው ያለው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ስፋቱ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የክልሉ ወጣቶች ዓሣ ማስገር ጀምረዋል። ለውሃ ኤሊ እንዲህ ያለ ሐይቅ ምን ማለት እንደሆነ ለመገመት ወደ ግብፅ ማየት ነው። እዚያ የናይሏ ኤሊ ዛሬ በዋናነት የምትታወቀው በናስር ሐይቅ ነው፤ እሱም የአስዋን ግድብ የፈጠረው ነው። ስለዚህ ግድብ በራሱ የኤሊ ጠላት አይደለም። ችግሩ የሚመጣው በዳርቻው ነው። እንቁላሏን የምትቀብረው ውሃ በማይደርስበት አሸዋ ላይ ነው፤ ከቀበረች በኋላ የሐይቁ ውሃ ከፍ ካለ እንቁላሉ ይታፈናል። አሸዋማው ዳርቻ የሰው ሰፈርና የጀልባ ማረፊያ ሲሆን ደግሞ መቅበሪያ ታጣለች። በመረብ ተይዛ ውሃ ውስጥ ከቆየች በቆዳዋ ብትተነፍስም ትታፈናለች፤ ለረጅም ትግል የሚበቃ ኦክስጅን በቆዳ አይገኝም።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝና መነገድን ይከለክላል። የናይሏ ኤሊም ከ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የጆሃንስበርግ ስብሰባ ወዲህ ዓለም አቀፍ ንግዷ በፈቃድ ብቻ እንዲሆን ሳይተስ በተባለው የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብታለች፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ሕግ ግን የሚሠራው ሐይቁ ዳር ያለው ሰው እንስሳዋን ሲያውቃት ነው።

ስለዚህ በጉባ፣ በሸርቆሌ፣ በዳቡስና በበለስ ዳር ዓሣ የምታሰግሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ጀርባዋ ጠፍጣፋና ቆዳማ፣ አፍንጫዋ ረጅም የሆነ ኤሊ መረባችሁ ውስጥ ብትገባ አትግደሏት፤ ወደ ቤትም አትውሰዷት። ከአንገቷ ራቅ ብላችሁ ከጀርባዋ የኋላ ጠርዝ ያዟት፤ ከተቻለ በስልካችሁ ፎቶ አንሷት፤ የቦታውን ስምና ቀኑን መዝግቡና እዚያው ልቀቋት። ፎቶውን ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራን ወይም ለወረዳችሁ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ስጡ። ዶንግ ሞ ላይ ኤሊዋ ሴት መሆኗ የታወቀው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር።