ጣት የሚመሩ ቁጥሮችና ፊደላት

እ.ኤ.አ. በ1507 ኦታቪያኖ ፔትሩቺ ቬኒስ ውስጥ ያሳተመው የፍራንቼስኮ ስፒናቺኖ የሉት (የክር መሣሪያ) መጽሐፍ ኖታ ለሚያነብ ሰው እንኳ እንግዳ ነው። በስድስት መስመሮች ላይ የተደረደሩት ቁጥሮች ናቸው። ታብላቸር የሚባለው ይህ አጻጻፍ ጣት የት እንደሚያርፍ ይናገራል። መስመሩ ክር ነው፤ ቁጥሩ ፍሬት፣ ማለትም በመሣሪያው አንገት ላይ ያለው መከፋፈያ። 0 ሲሆን ክሩ ሳይጫን ይመታል፤ 2 ሲሆን ሁለተኛው ፍሬት ላይ ይጫናል።

ሌላ መጽሐፍ ሲገለጥ ግን ሕጉ ይለወጣል። የስፒናቺኖ የላይኛው መስመር ወፍራሙ ክር ነው። ሉዊስ ሚላን በ1536 ቫሌንሲያ ውስጥ ባሳተመው የቪሁዌላ (ጊታር መሰል የክር መሣሪያ) መጽሐፍ ላይ ግን ያው መስመር ቀጭኑ ክር ይሆናል። ፈረንሳዮች ደግሞ በላቲን ፊደላት ጻፉ፦ «ኤ» ያልተጫነ ክር፣ «ቢ» የመጀመሪያው ፍሬት። «ሲ» ብዙ ጊዜ «አር»ን መስላ ስለምትጻፍ ጀማሪን ታሳስታለች። ቀለሙም ቢሆን አንድ ትርጉም የለውም። ሚላን ዘፋኙ የሚያዜመውን ድምፅ በቀይ ቁጥር ለይቷል፤ በ1517 ገደማ በተዘጋጀው የቪንቼንዞ ካፒሮላ የእጅ ጽሑፍ ውስጥ ግን በቀይ ነጠብጣብ የተጻፈ ቁጥር የድምፅ ማስጌጫ ምልክት ነው። ስለዚህ የየመጽሐፉን መግቢያ ሳያነቡ መሣሪያ ማንሳት ከንቱ ድካም ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ትንሿ ነጥብ ናት። በፔትሩቺ መጻሕፍት ነጥብ የሌለው ቁጥር በአውራ ጣት ወደ ታች ይመታል፤ ከሥሩ ነጥብ ያለው በሌባ ጣት ወደ ላይ። የአውራ ጣት ምት ስለሚከብድ ጠንካራና ለስላሳ ድምፅ ይፈራረቃሉ፤ ዜማው የሚተነፍሰውም በዚህ ነው። ከመስመሮቹ በላይ ያሉት ባለ ጭራ ዘንጎች ቀጣዩ ምት መቼ እንደሚመጣ ብቻ ያሳያሉ። የተመታው ክር እስከ መቼ ይጩህ? ይህን የሚወስነው ተጫዋቹ ነው፤ የሉት ጥበብ ትልቁ ክፍልም እዚህ ውሳኔ ውስጥ ያለ ይመስላል።

በ1606 ጂሮላሞ ሞንቴሳርዶ ፍሎረንስ ውስጥ ያሳተመው የጊታር መጽሐፍ አንድ ፊደል ሙሉ ኮርድ እንዲወክል አደረገ። የዛሬ ጊታሪስት እዚህ ይጠንቀቅ፦ «ኤ» የሚለው ፊደል የሚያዘው ጂ ሜጀርን ነው፤ «ቢ» ሲ ሜጀርን፤ የመስቀል ምልክቱ ደግሞ ኢ ማይነርን። ከመስመር ወደ ታች ወይም ወደ ላይ የወጡ አጫጭር ሰረዞች የእጁን አቅጣጫ ያሳያሉ።

ጋስፓር ሳንዝ በ1674 ዛራጎዛ ውስጥ ባሳተመው የጊታር መጽሐፉ፣ ክር በክር እየነጠሉ ለመጫወት አራተኛውና አምስተኛው የክር ጥንድ በቀጭን ክር ብቻ እንዲወጠር መክሯል። ያኔ በአምስተኛው ጥንድ መስመር ላይ ያለ ቁጥር የሚሰጠው ወፍራም ድምፅ ሳይሆን አንድ ኦክታቭ ከፍ ያለውን ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ግን ምንም አልተለወጠም።