በማይዳሰስ ሸቀጥ ስለሚደረግ ንግድ

ንግድ ሲባል ከሁሉ አስቀድሞ በሰው ሐሳብ የሚመጣው በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስና በሚዛን የሚመዘን ዕቃ ነው። ቡናው በጆንያ፣ ጨርቁ በጣቃ፣ ቆዳው በቁጥር ይሸጣል። በዘመናችን ግን ክብደትም ስፋትም የሌለው፣ ከኮምፒዩተር ውጭ ሊኖር የማይችል ዕቃ በየቀኑ ሲሸጥና ሲለወጥ ይታያል። ይኸውም በልዩ ልዩ አገር ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት አማካይነት በአንድነት በሚጫወቱት ጨዋታ ውስጥ የሚገኘው ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ማዕድንና ልብስ ነው። ነገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ነጋዴ የልጆች ቧልት መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ነገር ግን የዚህን ንግድ ታሪክ በዝርዝር የተመለከተ ሰው፣ ገበያ በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚፈርስ በግልጽ ይረዳበታል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ሩንስኬፕ የተባለው ጨዋታ ነው። ጨዋታው ለሕዝብ የቀረበው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጃንዋሪ ወር 2001 ሲሆን (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ የሚገኘው ጃጌክስ የተባለው ኩባንያ ነው። ተጫዋቹ በዚያ በምናብ በተፈጠረው አገር ውስጥ እንጨት ይቆርጣል፤ ማዕድን ይቆፍራል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ ብረት ቀጥቅጦ መሣሪያ ይሠራል። ይህ ሁሉ የሚገኘው በብዙ ሰዓት ድካም ነው። ስለዚህ ጊዜ ያለው ሰው ዕቃውን ያዘጋጃል፤ ጊዜ የሌለው ደግሞ በጨዋታው የወርቅ ገንዘብ ይገዛል። የዕቃው ዋጋ መነሻ ይህ የሰው ድካም ነው፤ ይሁን እንጂ ድካም ብቻውን ዋጋን አይወስንም።

ይህም በአንድ የወረቀት ባርኔጣ ታሪክ ይታወቃል። በ2001 የገና በዓል ጊዜ ኩባንያው ከወረቀት የተሠራ ባርኔጣ ለተጫዋቾች በነጻ እንዲደርስ አደረገ። ባርኔጣው በውጊያ ጊዜ ራስን አያድንም፤ ከጌጥነትም በቀር ሌላ ጥቅም የለውም። ነገር ግን ኩባንያው ከዚያ በኋላ ያንኑ ባርኔጣ እንደገና አላደለም። ዓመታት ሲያልፉ ከባርኔጦቹ የአንዳንዱ ዋጋ እየናረ ሄዶ፣ ጨዋታው በአንድ ክምር ሊቆጥር ከሚችለው ከፍተኛ ቁጥር፣ ማለትም ከ2,147,483,647 ወርቅ በላይ ሆነ። በዚህም ምክንያት ገዥው በወርቁ ላይ ሌላ ውድ ዕቃ እየጨመረ መክፈል ግድ ሆነበት። በነጻ የተሰጠ ወረቀት እንዲህ የተፈለገው ከእንግዲህ ወዲህ ስለማይጨመር ብቻ ነው። እጥረት ዋጋን ከፍ እንደሚያደርግ ማንም ባለ ሱቅ ያውቀዋል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሻጭና ገዥ የሚገናኙት ፊት ለፊት ነበር። በጨዋታው ውስጥ ባሉት ከተሞች፣ በተለይም በቫሮክና በፋላዶር፣ ተጫዋቾች በአንድ ቦታ ተሰብስበው የያዙትን ዕቃና የሚጠይቁትን ዋጋ እየደጋገሙ ይጽፉ ነበር። አንድ ሰው ዕቃውን ለመሸጥ ብዙ ጊዜ ሲለፈልፍ መዋል ነበረበት። ዋጋውንም የሚያውቀው ከጎረቤቱ ጠይቆ ስለ ነበር፣ አዲስ መጪው ብዙ ጊዜ ተጎድቶ ይመለሳል።

ከዚህም የከፋው የርክክቡ ጉዳይ ነበር። ሁለት ሰዎች ሲለዋወጡ እያንዳንዱ የሚሰጠውን ዕቃ በመለዋወጫው ሰሌዳ ላይ ያስቀምጣል፤ ሁለቱም ሲስማሙ ልውውጡ ይፈጸማል። አታላዮች ግን ውሉ ሊጸድቅ ሲል ውዱን ዕቃ አንሥተው በመልክ የሚመስለውን ርካሽ ዕቃ ይተኩ ነበር። ይህንን ለመከላከል ተዋዋዮቹ የተለዋወጡትን ዕቃ በዝርዝር እንደገና አይተው የሚያጸድቁበት ሁለተኛ ሰሌዳ ተጨመረ። ሌሎች ደግሞ «ገንዘብህን ስጠኝ፣ እጥፍ አድርጌ እመልስልሃለሁ» እያሉ ያታልላሉ። ጥቂት ገንዘብ የሰጠውን ሰው በእውነት እጥፍ ከፍለው ካሳመኑት በኋላ፣ ብዙ ሲያመጣ ይዘው ይጠፋሉ። እንደዚህ ያለውን ሰው ምንም ሰሌዳ ሊያድነው አይችልም።

የማጓጓዝም ችግር ነበር። አንድ ተጫዋች በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው 28 ዕቃ ብቻ ነው። በሺህ የሚቆጠር ማዕድን መሸጥ የሚፈልግ ሰው ስንት ጊዜ ይመላለስ? መፍትሔው ዕቃውን በጨዋታው ባንክ አስቀምጦ በምትኩ ወረቀት መያዝ ሆነ። ወረቀቱ ስንትም ቢሆን እንደ አንድ ዕቃ ይያዛል፤ ከእጅ ወደ እጅም ይሸጣል፤ የመጨረሻው ባለ ወረቀት ባንክ ሄዶ ዕቃውን ይረከባል። ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። በ2008 ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እህሉና ቡናው በመጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ከተቀመጠ በኋላ በመጋዘን ደረሰኝ እንዲሸጥ ማድረጉ፣ ከዚሁ ሐሳብ ጋር የሚስማማ ነው።

በኖቬምበር ወር 2007 ኩባንያው በቫሮክ ከተማ ግራንድ ኤክስቼንጅ የተባለ ማዕከላዊ የገበያ አዳራሽ ከፈተ። በዚህ አዳራሽ ሻጭ ዕቃውን፣ ገዥም ገንዘቡን አስቀድሞ ለአዳራሹ ያስረክባል፤ የሚፈልገውንም ዋጋ ያስመዘግባል። የሁለቱ ዋጋ ሲገጥም አዳራሹ ዕቃውን ለገዥ፣ ገንዘቡን ለሻጭ ይሰጣል። ተዋዋዮቹ አይተያዩም፤ ስም ለስምም አይተዋወቁም። ገዥው አስቀድሞ ከተመዘገበው የሻጭ ዋጋ በላይ አስመዝግቦ እንደ ሆነ ልዩነቱ ይመለስለታል። ደግሞም አንድ ሰው ገበያውን ጠቅልሎ እንዳይይዝ፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ በ4 ሰዓት ውስጥ ሊገዛ የሚችለው መጠን ተወሰነ። አስመጪ ነጋዴ በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚያገኘው መተማመኛ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ የማይተዋወቁትን ሁለት ሰዎች የሚያገናኛቸው በመካከል ያለው ታማኝ ወገን ነው።

ይሁን እንጂ በዚያው ወራት ኩባንያው ሌላ ደንብ አወጣ። ከጨዋታው ውጭ ወርቅን በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች በዝተው ነበር። ኩባንያው እንደ ገለጸው፣ ከእነዚህ ብዙዎቹ የአባልነታቸውን ክፍያ የሚከፍሉት በተሰረቀ የባንክ ካርድ ስለ ነበር ጉዳቱ በኩባንያው ላይ ወደቀ። ስለዚህ ከዲሴምበር 2007 ጀምሮ ዋጋቸው የማይመጣጠን ዕቃዎች ከጥቂት መጠን በላይ እንዳይለዋወጡ ተከለከለ። በአዳራሹም የሚጠየቀው ዋጋ ኩባንያው ከሚያስታውቀው ዋጋ በ5 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ከማለት እንዳያልፍ ተወሰነ። ወርቅ ሻጮቹ ተዳከሙ፤ ነገር ግን ወንድም ለወንድሙ ስጦታ መስጠት፣ ወዳጅም ለወዳጁ ዕቃ ማዋስ አስቸጋሪ ሆነ፤ ብዙ ተጫዋቾችም አጥብቀው ተቃወሙ።

የዋጋ ወሰኑም የራሱን ችግር አመጣ። የታወጀው ዋጋ ከእውነተኛው ዋጋ በታች የሆነ ዕቃ ከአዳራሹ ጠፋ፤ የሚፈልገው ሁሉ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ የያዘው ግን አይሸጥም። ዕቃውን በእውነተኛ ዋጋው መሸጥ የሚፈልግ ሰው ደግሞ፣ ገዥው ማንም የማይፈልገውን ግን በመዝገብ ዋጋ ያለውን ኮተት ጨምሮ እንዲከፍለው ያደርግ ነበር። በዚህ ዓይነት ደንቡ በወረቀት ተጠበቀ፤ በሥራ ግን ተጣሰ። በማናቸውም አገር ቢሆን፣ የገበያው ዋጋ ከታወጀው ዋጋ ሲለይ ዕቃው ወደ ጓዳ ይገባል።

ከብዙ ክርክርና የተጫዋቾች ድምፅ ከተሰበሰበ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2011 ነጻው ንግድ ተመለሰ፤ የ5 በመቶውም ወሰን ተነሣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ፣ በ2013፣ ኩባንያው በ2007 ኦገስት የነበረውን የቀድሞውን ጨዋታ እንደገና ከፈተ። በዚያ ጊዜ አዳራሹ ገና ስላልተሠራ፣ በቀድሞው ጨዋታ ያሉት ሰዎች ወደ ጩኸቱ ገበያ ተመለሱ። የጥንቱን ነገር ወደውና ፈልገው የመጡት እነዚሁ ሰዎች ግን አዳራሹ እንዲሠራላቸው በድምፃቸው ጠየቁ፤ በፌብሩዋሪ 2015ም ተሠራላቸው። የአዳራሹን ጥቅም ከዚህ የበለጠ የሚመሰክር ነገር አይገኝም።

ወርቅ ሻጮችን በክልከላ ብቻ ማጥፋት ስላልተቻለ፣ ኩባንያው በ2013 ቦንድ የተባለውን ሰነድ አወጣ። ቦንዱን አንዱ ተጫዋች በእውነተኛ ገንዘብ ከኩባንያው ይገዛል፤ ለሌላው ተጫዋች በጨዋታው ወርቅ ይሸጥለታል፤ ሁለተኛው ሰው በቦንዱ የአባልነት ክፍያውን ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን ገንዘብ ያለውና ጊዜ ያለው በሕጋዊ መንገድ ይገናኛሉ፤ ገቢውም ለኩባንያው ይሆናል። ወርቁን መልሶ በእውነተኛ ገንዘብ መሸጥ ግን እስከ ዛሬ ክልክል ነው።

ክልከላው ቢኖርም ንግዱ አልቆመም። የቬኔዙዌላ ገንዘብ ዋጋ ባጣ ጊዜ፣ በተለይም ከ2017 ወዲህ፣ ከዚያ አገር ሰዎች መካከል በጨዋታው ውስጥ ዘንዶ እየገደሉ ወርቅ በማጠራቀምና ለውጭ አገር ሰዎች በመሸጥ ኑሯቸውን የሚደግፉ ተገኙ። ለአንዱ መዝናኛ የሆነው ለሌላው የዕለት እንጀራ ሆነ። ነገር ግን ሥራው ደንብ የሚጥስ ስለ ሆነ፣ ኩባንያው የጨዋታ መዝገባቸውን በዘጋ ጊዜ የብዙ ቀን ድካማቸው ያለ ካሣ ይጠፋል፤ አቤት የሚሉበትም ቦታ የለም።

የገንዘብ ብዛትም በዚህ ገበያ ይታያል። ተጫዋቾች ጭራቅ በገደሉ ቁጥር አዲስ ወርቅ ስለሚፈጠር፣ የሚያስወግደው ነገር ከሌለ ዋጋ ይንራል። ስለዚህ በዲሴምበር 2021 በቀድሞው ጨዋታ አዳራሽ በሻጩ ላይ የ1 በመቶ ግብር ተጣለ፤ በ2025ም ወደ 2 በመቶ ከፍ አለ። ከግብሩ የተገኘው ወርቅ ከፊሉ የተትረፈረፉትን ዕቃዎች ከገበያ ገዝቶ ለማጥፋት ይውላል።

እንግዲህ ይህ ዕቃ በሕግ ፊት ንብረት ነውን? ጥያቄው በኔዘርላንድ አገር በፍርድ ቤት ታይቷል። በ2007 በሌውዋርደን ከተማ ሁለት ወጣቶች አንድ የ13 ዓመት ልጅ ደብድበውና በጩቤ አስፈራርተው፣ በሩንስኬፕ ውስጥ የነበረውን የአንገት ጌጥና ጭምብል ወደ እነርሱ እንዲያስተላልፍ አስገደዱት። ተከሳሾቹ ዕቃው የማይጨበጥ ስለ ሆነ ስርቆት ሊባል አይችልም ብለው ተከራከሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በጃንዋሪ 31 ቀን 2012 በሰጠው ፍርድ፣ ልጁ ጊዜውንና ድካሙን ያፈሰሰበት፣ በእርሱም ሥልጣን ሥር የነበረ ነገር ከእጁ ስለ ወጣ ስርቆት ነው ሲል ወሰነ። ይሁን እንጂ ይህ ፍርድ በሌባና በተሰረቀው ሰው መካከል የተሰጠ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። በኩባንያውና በተጫዋቹ መካከል ባለው ውል ዕቃው የኩባንያው ነው፤ ተጫዋቹ ያለው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ ነጋዴ የሚማረው አለ። በመጀመሪያ፣ ገበያውን ያቆመው የዕቃው ግዘፍ ሳይሆን የርክክቡ እርግጠኛነት ነው፤ ርክክቡ ባልታመነበት ዘመን ተጫዋቹ ሁሉ በጥርጣሬ ይኖር ነበር። ሁለተኛ፣ ታማኝ አገናኝ ቢኖርም ዋጋው ከታሰረ ዕቃው ይሸሻል። ሦስተኛ፣ ከደንብ ውጭ የሚገዛ ሰው፣ ዕቃው ወርቅም ይሁን ቡና፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ዳኛ አያገኝም። ልጁ ለጨዋታ ወርቅ ገንዘብ የሚጠይቀው አባትም ይህንኑ ያስታውስ፤ በኩባንያው በኩል የተገዛው ቦንድ ደረሰኝ አለው፤ ከማይታወቅ ሰው የተገዛው ወርቅ ግን ነገ መዝገቡ ሲዘጋ ከገንዘቡ ጋር አብሮ ይጠፋል።