ሽሮና እንጀራ በሰውነት ውስጥ የሚሠሩት ሥራ

ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ገበያ ላይ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጡ ብዙ ገበሬ ጥራጥሬውን ሸጦ ለቤቱ ጤፉን፣ በቆሎውን ወይም ገብሱን ያስቀራል። ለግብር፣ ለማዳበሪያና ለልጆች ልብስ ገንዘብ ያስፈልጋልና ይህን የሚነቅፍ የለም። ይሁን እንጂ ጎተራው ከጥራጥሬ ባዶ ከመሆኑ በፊት፣ የተበላው ምግብ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን ቢያውቁ ለእርስዎም ለልጆችዎም ይጠቅማል።

ሥጋችን፣ ቆዳችን፣ ጠጉራችንና ጥፍራችን የሚሠሩት ፕሮቲን ከሚባለው ነገር ነው። ፕሮቲን በባቄላም በእንቁላልም በጤፍም ውስጥ አለ። ነገር ግን የባቄላው ፕሮቲን እንዳለ የሰው ሥጋ ሊሆን አይችልም፤ አስቀድሞ መፍረስ አለበት። አሮጌ ቤት አፍርሶ በእንጨቱ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶውን ለብቻ፣ ወጋግራውን ለብቻ፣ ማገሩን ለብቻ ይከምራል። ሰውነትም የሚያደርገው እንደዚሁ ነው።

የማፍረሱ ሥራ የሚጀመረው በጨጓራ ነው። የጨጓራው አሲድ የፕሮቲኑን ጥቅልል ያላላል፤ ፔፕሲን የሚባለው ኤንዛይም ይቆራርጠዋል። ምግቡ ወደ ቀጭኑ አንጀት ሲወርድ ከቆሽት የሚመነጩ ሌሎች ኤንዛይሞች፣ በተለይም ትሪፕሲን፣ ቁርጥራጩን ያደቅቁታል። በመጨረሻ አሚኖ አሲድ የሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎች በአንጀት ግድግዳ አልፈው ከደም ጋር ወደ ጉበት ይሄዳሉ፤ ከዚያም ወደሚፈለጉበት ሁሉ ይከፋፈላሉ። የደረቀ ጥሬ ጥራጥሬ የትሪፕሲንን ሥራ የሚያግድ ነገር አለበት። እናቶቻችን ደረቅ ባቄላን ሳይቆሉ ወይም ሳይቀቅሉ ለማዕድ አለማቅረባቸው ትክክለኛ ልማድ ነው።

ፕሮቲን የሚሠራባቸው አሚኖ አሲዶች 20 ዓይነት ናቸው። ከእነዚህ 11ዱን ሰውነት ራሱ ይሠራቸዋል፤ 9ኙን ግን ከምግብ ማግኘት ግድ ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከ9ኙ አንዱ የሆነው ላይሲን በስንዴ፣ በበቆሎና በማሽላ ውስጥ ጥቂት ነው። ጤፍ ከእነዚህ ይሻላል፤ ቢሆንም ለሚያድግ ልጅ ብቻውን አይበቃም። ማገር ያለቀበት ቤት ሠሪ ምሰሶና ጭቃ ቢትረፈረፍለትም ሥራው ይጓተታል። ሰውነትም ላይሲን ሲያንሰው ሌሎቹ አሚኖ አሲዶች በብዛት ቢኖሩም አዲስ ሥጋ እንደሚገባ መሥራት አይችልም።

ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና አተር ላይሲን የሞላባቸው ናቸው። የእነርሱ ጉድለት ሜቲዮኒን በሚባለው ላይ ሲሆን፣ እርሱን ደግሞ የብርዕ እኽል ይሞላላቸዋል። በጾም ወራት ሥጋና ወተት ሳይቀምስ ለሚያርሰው ገበሬ ጉልበቱን የሚጠብቅለት ይኸው የሽሮና የእንጀራ መደጋገፍ ነው። በቆሎ አብቃይ የሆኑም ላይሲኑ የላቀ የበቆሎ ዝርያ እንዳለ ይወቁ፤ ቢኤችኪውፒ 542 የተባለው በአገራችን የተለቀቀው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው።

«ታዲያ በሬዬ ሣርና ጭድ እየበላ እንዴት ሥጋ ያወጣል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። የበሬ ትልቁ ጨጓራ በዓይን በማይታዩ ሕያዋን የተሞላ ነው። እነርሱ ከመኖው ናይትሮጅን እየወሰዱ 9ኙንም አሚኖ አሲዶች ይሠራሉ፤ በሬውም በኋላ እነርሱኑ ይፈጫቸዋል። ሰውና ዶሮ እንዲህ ያለ ጨጓራ የላቸውም።

ሌላም ነገር አለ። ትርፍ ምግብ በስብ መልክ ይከማቻል፤ አሚኖ አሲድ ግን ጎተራ የለውም። ከዕለቱ ሥራ የተረፈው ለጉልበት ይውላል ወይም ወደ ስብ ይለወጣል፤ ናይትሮጅኑም በጉበት ውስጥ ዩሪያ ሆኖ በሽንት ይወጣል። ይህ ዩሪያ እርስዎ ማሳ ላይ ከሚበትኑት ነጭ ማዳበሪያ ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ስለዚህ በፋሲካ ጠግበው የበሉት ሥጋ ለሚቀጥለው ወር ስንቅ አይሆንም፤ በየቀኑ የምትገኝ አንድ ጭልፋ ሽሮ ትበልጣለች። እንዲሁም ምግቡ በጠቅላላው ሲያንስ ሰውነት ፕሮቲኑን ለጉልበት ያነደዋል፤ ምሰሶን ለማገዶ እንደ መፍለጥ ነው። የሕፃን ምግብ እንደ ውኃ ቀጥኖ ከሆነ ጥራጥሬ ቢጨመርበትም ይባክናል።

ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው ጡት ሳያቋርጥ ምግብ ይጀመርለት። ሁለት ወይም ሦስት እጅ የብርዕ እኽልና አንድ እጅ ጥራጥሬ ቆልተው ያስፈጩ፤ ገንፎው ወፈር ይበል፤ ጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ይግባበት። እንቁላል ሁሉንም አሚኖ አሲዶች ስለያዘ ከሚሸጡት ላይ ለልጁ ያስቀሩለት። ጓያ ግን ከዚህ ድብልቅ አይግባ። ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ መርዝ አለበት።

የልማት ሠራተኛ ሆይ፣ በሚዞሩበት ቤት ፊቱና እግሩ ያበጠ፣ ጠጉሩ የሳሳና የቀላ፣ ምግብ እምቢ የሚል ልጅ ቢያዩ «ወፍሯል» ሲባል ዝም አይበሉ። የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣትዎ ተጭነው ሲለቁት ጉድጓዱ ከቀረ ልጁ ታሟል። የዚህ ሕመም ምክንያት የፕሮቲን ማነስ ብቻ አይደለምና ቤት ውስጥ በገንፎ ለማዳን አይሞከር፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ለአንድ ትንሽ ልጅ በቀን 30 ግራም ጥራጥሬ ቢታሰብ በዓመት 11 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህም ከአንድ ኩንታል አንድ ስምንተኛው እንኳ አይሞላም። አህያው ለገበያ ከመጫኑ በፊት ይህን ያህል በየልጁ ልክ መዝነው በሌላ ከረጢት ያስቀምጡ።