ተዳፋት መሬትን ወደ አትክልት ቦታ ስለ መለወጥ

በኤርትራና በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ለአትክልት የሚሆን ሜዳ መሬት ብዙ አይገኝም። ሜዳው አስቀድሞ በእህል የተያዘ ነው። ስለዚህ ሰፊ የአትክልት ቦታ አቋቁሞ ምርቱን ለከተማ ገበያ ለማቅረብ የሚያስብ ሰው ወደ ተዳፋቱ መመልከት ግድ ይሆንበታል። ተዳፋት መሬትም የራሱ ጥቅም አለው፤ ይኸውም በክረምት ውሃ አይተኛበትም፣ የሌሊቱም ቅዝቃዜ ቁልቁል ወርዶ ያልፋል። ነገር ግን የአትክልት መሬት በዓመት ብዙ ጊዜ የሚቆፈርና የሚላላ ስለ ሆነ፣ ያለ ዕቅድ የተቆፈረ ተዳፋት ከማናቸውም ማሳ ይልቅ ለጎርፍ የተጋለጠ ነው።

የአፈር መሸርሸር በግምት ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። እ.አ.አ. በ1981 የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በልዩ ልዩ አውራጃዎች ጣቢያ አቋቁሞ የጎርፉንና የአፈሩን መጠን ሲለካ ቆይቷል። ከነዚህም አንዱ በ1984 በኤርትራ ደጋ በአፍደዩ የተቋቋመው ጣቢያ ነው። የዚሁ ፕሮግራም መሪ የነበሩት ስዊሳዊው ሊቅ ሃንስ ሁርኒ፣ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን አፈር በየዓመቱ እንደሚሸረሸር ገምተዋል። ይህ በመሬቱ ሁሉ ላይ እኩል ቢነሣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ይሆናል። ለአንድ ዓመት ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም አባት ለልጁ በሚያወርስበት ዘመን ውስጥ ግማሽ ስንዝር ያህል አፈር መሄዱ ነው።

ስለዚህ በተዳፋት ላይ አትክልት ለመትከል የሚነሣ ሰው ስለ ዘር ከማሰቡ በፊት ስለ ውሃና ስለ አፈር ማሰብ ይገባዋል። የሥራውም ቅደም ተከተል በሁለት ቃል ይጠቀለላል፤ የውሃው ሥራ ከላይ ይጀመራል፣ የአፈሩ ሥራ ከታች ይጀመራል። ይህን ቅደም ተከተል ያፋለሰ ሰው የደከመበትን ካብ በአንድ ሌሊት ዝናብ ሊያጣ ይችላል።

መሬቱን መመርመር

ከሁሉ አስቀድሞ መሬቱን አንድ ክረምት ሙሉ መመልከት ያሻል። ጎርፉ ከየት ይመጣል? በየት ይወጣል? የት ይረግባል? ይህን በዝናብ ጊዜ ቆሞ ያየ ሰው በበጋ የሚያወጣው ዕቅድ አይሳሳትም። ቀጥሎም በልዩ ልዩ ስፍራ ጉድጓድ እየቆፈሩ የአፈሩን ጥልቀት መለካት ያስፈልጋል፤ የእርከኑ ስፋት የሚወሰነው በአፈሩ ጥልቀት ነውና።

ለምሳሌ ርዝመቱም ወርዱም 100 ሜትር የሆነ፣ ተዳፋቱ 20 በመቶ የሆነ አንድ ሄክታር መሬት እንውሰድ። ከላይኛው ጠርዝ እስከ ታችኛው 20 ሜትር ይወርዳል። የእያንዳንዱ ካብ ቁመት 1 ሜትር ቢሆን 20 እርከኖች ይወጡታል፤ የእያንዳንዱም ወርድ 5 ሜትር ነው። እርከኑን ለማስተካከል በውስጠኛው ጠርዝ 50 ሳንቲሜትር ይቆረጣል፣ በውጭኛው ጠርዝ ደግሞ 50 ሳንቲሜትር ይሞላል። እንግዲህ አፈሩ ከ80 ሳንቲሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ሥራው ይስማማዋል። አፈሩ 40 ሳንቲሜትር ብቻ ከሆነ ግን ቆራጩ ዐለት ላይ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ወርዱን ወደ 2 ሜትር ከግማሽ፣ ካቡንም ወደ ግማሽ ሜትር ማሳነስ ይሻላል።

እጅግ ቀጥ ያለውን ተዳፋት ለዛፍና ለሣር መተው ብልህነት ነው። በኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ከ30 እስከ 60 በመቶ የሆነውም እርከን ካልተሠራለት ዓመታዊ ሰብል እንዳይዘራበት ደንግጎ ነበር።

ውሃው ከላይ

በአንድ ሄክታር ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ሲዘንብ 300,000 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ከበላይ ካለው ኮረብታ የሚመጣው ጎርፍ ይጨመርበታል። ይህን እንግዳ ጎርፍ ለመመለስ ከአትክልቱ ቦታ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል። ቦዩ በ100 ሜትር ርዝመት ከ50 ሳንቲሜትር እስከ 1 ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ካዘቀዘቀ ውሃው ራሱን ቦዩን ይቆፍረዋል። የቦዩ መጨረሻ በድንጋይ የተነጠፈ መውረጃ ወይም ሣር የለበሰ ሸለቆ መሆን አለበት። በጎረቤት ማሳ ላይ ከቶ ሊለቀቅ አይገባም፤ የላይኛው ሰው የገፋው ጎርፍ ለታችኛው ሰው ጥፋት ነውና። ስለ ሆነም መውረጃው የሚያልፍበትን ስፍራ ከታች ካሉት ባለመሬቶች ጋር አስቀድሞ ተማክሮ መወሰን ያስፈልጋል።

የበጋውም ውሃ በልክ መታወቅ አለበት። አትክልት በደረቅ ወራት በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ ካቡ የሚይዘው 60 ሳንቲሜትር ሲቀነስ የአንዱ እርከን ስፋት 440 ካሬ ሜትር ነው፤ በቀንም 2,200 ሊትር ይጠጣል። ምንጭን ለመለካት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካንና ሰዓት ይበቃል። ጀሪካኑን በ200 ሴኮንድ የሚሞላ ምንጭ በ24 ሰዓት 8,640 ሊትር ይሰጣል፤ ይህም ለአራት እርከን እንኳ ሙሉ በሙሉ አይበቃም። ስለዚህ 20ውንም እርከን በበጋ አለማለሁ ብሎ ዘርና ችግኝ የገዛ ሰው ገንዘቡን ይከስራል። የሌሊቱን ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ በላይኛው በኩል መሥራት፣ የቀሩትንም እርከኖች በክረምቱ ዝናብ ብቻ ማልማት ይገባል።

እርከኑ ከታች

መቀልበሻው ቦይ ካለቀ በኋላ የእርከኖቹ መስመር ይተለማል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 2 ሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች ከራሳቸው ላይ ይታሰራሉ፤ እግራቸውን ከፍተው በአግዳሚ እንጨት ይያያዛሉ፤ ከራሱ ላይ ቱምቢ ወይም ድንጋይ የታሰረበት ክር ይንጠለጠላል። ክሩ በአግዳሚው እኩሌታ ላይ ባለው ምልክት ሲያርፍ ሁለቱ እግሮች በእኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል። በዚህ ዐይነት እየተራመዱ ችካል ቢተክሉ መስመሩ የኮረብታውን ቅርጽ ተከትሎ ይሄዳል።

የካቡ ሥራ ከታችኛው እርከን ይጀመራል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የመሬቱ ለምነት ያለው ከላይ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር ሳይነሣ መሬቱ ቢቆረጥ ለሙ ከሥር ተቀብሮ መካኑ ከላይ ይወጣል። ከታች ሲጀመር ግን የሁለተኛው እርከን ጥቁር አፈር ተጠርጎ በተጠናቀቀው በመጀመሪያው ላይ ይወርዳል፤ የሦስተኛው በሁለተኛው ላይ፣ እንዲህ እያለ እስከ ላይ ይደርሳል። ከመጀመሪያው እርከን የተነሣው አፈር ለችግኝ መደብ ይውላል። የመጨረሻው የላይኛው እርከን ብቻ ጥቁር አፈር ስለሚያጣ ብስባሽ በብዛት ተጨምሮለት በመጀመሪያው ዓመት ባቄላ ቢዘራበት ይመረጣል።

የካቡ መሠረት 30 ሳንቲሜትር ያህል ተቆፍሮ በጠንካራ መሬት ላይ ይቀመጣል። ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይሆናል። ረጃጅሙ ድንጋይ ራሱን ወደ ውጭ፣ ጅራቱን ወደ ተራራው አድርጎ ይጋደማል። ካቡም በ1 ሜትር ቁመት ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ወደ ተራራው ያዘነብላል። ጭቃም ሆነ ሲሚንቶ አይገባበትም፤ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል እንዲጣራ ያስፈልጋልና። ድንጋይ በሌለበት አገር ከኬንያ የተስፋፋው «ፋንያ ጁ» የተባለው ዘዴ ይረዳል። ይኸውም ቦይ ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይ በመጣል ክትር ማበጀት፣ በክትሩም ላይ የዝሆን ሣር ወይም ሰስባንያ መትከል ነው።

ሥራው ቀላል እንዳልሆነ ቁጥሩ ይመሰክራል። በአንዱ እርከን 62 ኪዩቢክ ሜትር ያህል አፈር ይነሣል፤ 50 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ድንጋይም ይካባል። ስለዚህ በየዓመቱ አምስት እርከን እየሠሩ በአራት ዓመት መጨረስ ከሁሉ ይሻላል። ያልተነካው የላይኛው መሬት እስከዚያው ድረስ ሣሩን እንደ ለበሰ ይቆይ።

አፈሩን ማጎልበት

ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ የሚለማ አትክልት ሕይወቱ ብስባሽ ነው። ደረቅ ገለባና አገዳ፣ እርጥብ ቅጠል፣ ፍግ፣ ጥቂት አፈርና አመድ በተራ ይነባበራሉ፤ እርጥበቱም ታጥቦ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ መሆን አለበት። በክረምት ከመሬት በላይ ይከመራል፤ በበጋ እንዳይደርቅ በጉድጓድ ይደረጋል። በየሦስት ሳምንቱ ቢገላበጥ ከሦስት እስከ አራት ወር ይበስላል። በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ቢታሰብ ለአንድ እርከን 880 ኪሎ ያስፈልጋል። ጥሬ ፍግ ግን ሳይበስል ከሚበላ ቅጠል ጋር መገናኘት የለበትም።

በትግራይ እ.አ.አ. በ1996 ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር ያስጀመሩት የብስባሽ ሥራ፣ ብስባሽ የተደረገበት ማሳ ምንም ካልተደረገበት ወደ እጥፍ የሚጠጋ እህል እንደሚሰጥ አሳይቷል። በደጋው ያለው ዋና ችግር ፍጉ ኩበት ሆኖ መንደዱ ነው። ስለዚህ ከአትክልቱ ቦታ ዕቅድ ጋር የማገዶ ዛፍ የሚተከልበትን ስፍራ መለየት የዕቅዱ አንድ ክፍል ነው። ባሕር ዛፍ ግን ውሃ ስለሚሻማ ከእርከኖቹ ርቆ ይተከል።

ተክሉን በየስፍራው

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ በታችኛው እርከን ይተኛል። ስለዚህ ውርጭ የሚጎዳቸው ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች በመካከለኛው እርከኖች፣ ብርድ የሚችሉት ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባቄላ ከታች ይሁኑ። ከታች ያለው አጥርም ብርዱ የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ይተውለት። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች የአንድ ወገን ተክሎች ስለ ሆኑ በሽታቸው ይተላለፋል፤ በአንድ እርከን ላይ መተካካት የለባቸውም። በእነርሱ ፋንታ ባቄላ ወይም አተር፣ ቀጥሎ ጎመን፣ ቀጥሎ ሥራሥር እየተፈራረቀ ቢተከል መሬቱም ያርፋል፣ ተባዩም ምግብ ያጣል። ባዶ አፈር ሁሉ በጉዝጓዝ ይሸፈን።

የጥገና ጉዳይ

ከ1966 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ፣ ይልቁንም እ.አ.አ. በ1980ዎቹ፣ ለሥራ በሚከፈል እህል እጅግ ብዙ እርከን ተሠርቶ ነበር። ገበሬው ሳይመከርበት የተሠራው ብዙው ጠጋኝ አጥቶ ፈረሰ። በደቡብ ኢትዮጵያ ግን የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ እየካበና እየጠገነ ያቆየው እርከን አለ። በአንዳንድ ስፍራ ካቡ 5 ሜትር ይደርሳል፤ እ.አ.አ. በ2011ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ድንጋዩ በሁለቱም ዘንድ ድንጋይ ነው፤ ልዩነቱ ካቡን የኔ የሚል ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ሹሙ እርከን ሲያሠራ የሚጠግነው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቅ። ገበሬውም መስመሩን በጥቅምትና በኅዳር ይተልም፤ ካቡን ከጥር እስከ ሚያዝያ በደቦ ይካብ፤ የሰኔም ዝናብ ሳይገባ መቀልበሻ ቦዩን ይጥረግ። የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ እንዳባራ ዶማውን ይዞ ከላይ እስከ ታች ይዙር። ያን ዕለት የወደቀች አንዲት ድንጋይ ወዲያው ብትመለስ የአንድ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት፤ እስከ ነሐሴ ብትቆይ ግን ካቡን ሁሉ ይዛ ትወርዳለች።