የዝዋይ ወይንና የሐይቁ ውኃ

ወይን በሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ለቅዱስ ቍርባን ዘቢብ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲዘፈዘፍና ሲጨመቅ ስለ ኖረ፣ ስሙ በሕዝቡ ዘንድ ከጥንት የታወቀ ነው። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የሚታየው ሰፊ የወይን እርሻ ግን የቅርብ ዘመን ሥራ ነው። ይኸውም ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የተባሉትን ዘሮች አስተክሎ፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ ለገበያ ያቀረበበት ነው።

ወይን በአውሮፓ የብርዱ ወራት ሲገባ ቅጠሉን አራግፎ ያርፋል። በዝዋይ ግን እንዲህ ያለ ብርድ ስለሌለ፣ ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ማቈጥቈጥ ይወዳል። ስለዚህ ዕረፍቱን የሚሰጠው ገበሬው ነው። ውኃውን ለጊዜው ይቀንስበታል፤ ከዚያም ቅርንጫፉን ይገርዛል፤ ፍሬው በደረቁ ወራት እንዲበስልም ቀኑን ይቈጥራል። ፍሬው በዝናብ ጊዜ የበሰለ እንደ ሆነ ሻጋታ ያጠቃዋል፤ ለመድኃኒት ርጭት የሚወጣውም ገንዘብ ይበዛል።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ ውኃ ነው። ደምበል ተብሎ የሚጠራው የዝዋይ ሐይቅ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ አማካይ ጥልቀቱ ከ3 ሜትር አያልፍም። መቂና ቀጠር የተባሉት ወንዞች ይገቡበታል፤ ትርፉም በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ሐይቅ ይወርዳል። ላይኛው ሲጠማ ታችኛው ይደርቃል። አብያታ ለመስኖ በሚጠለፈው ውኃና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ በሚቀዳው ምክንያት ብዙ ሸሽቷል፤ ጨውነቱም ስለ በረታ የዓሣው ሀብት ጠፍቷል። ይህም ለዝዋይ ገበሬ ሁሉ ግልጽ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከወይኑ እርሻ ሌላ ሽንኵርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ብዙ ገበሬዎች ከዚሁ ሐይቅና ከገባር ወንዞቹ በሞተር ይስባሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2002 በተቋቋመው በመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች የኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥር በማኅበር ተደራጅተዋል። ማኅበር ምርትን በአንድነት ለመሸጥ እንደሚጠቅም የታወቀ ነው፤ ውኃንም በአንድነት ለመቈጠብ ሊጠቅም ይገባዋል።

በዚህ ረገድ የኢጣልያና የፈረንሳይ ወይን ተካዮች ማኅበራት ልምድ ትምህርት ይሰጣል። በእነዚያ አገሮች ብዙ ትንንሽ ባለርስቶች ፍሬያቸውን ወደ አንድ የጋራ መጭመቂያ ያመጣሉ። ማኅበሩ በክብደት ብቻ የከፈለ እንደ ሆነ፣ ገበሬው ፍሬውን ለማክበድ ውኃ ያበዛል፤ ጠጁም ይቀጥናል። በፍሬው ጣፋጭነትና ጥራት የከፈለ እንደ ሆነ ግን፣ ገበሬው ራሱ ውኃውን ይመጥናል። በክብደት ለሚሸጠው ለሽንኵርትና ለቲማቲም ደግሞ ይህ ዘዴ ስለማይበቃ፣ ማኅበሩ የሞተሩን ሰዓት መቍጠር፣ ተራ ማውጣትና የጠብታ መስኖን ማስፋፋት ይኖርበታል። በሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ደንገልና ሣር ሳያርሱ መተውም አፈርና ማዳበሪያ ታጥቦ እንዳይገባ ያግዛል።

ሽንኵርት በጥቂት ወራት ይነቀላል። ወይን ግን በደንብ ከተያዘ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ያፈራል። ስለዚህ በዝዋይ ዳር ወይን የተከለ ሰው ሐይቁም ያን ያህል ዘመን ይቈያል ብሎ ታምኗል ማለት ነው። ይህ እምነት እንዳይፈርስ መጠበቅ የኩባንያው ብቻ ሳይሆን፣ ከአንድ ውኃ የሚቀዱት ሁሉ ግዴታ ነው።