የወቅት መዛባትና የገበሬው ጥበብ

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍለው፣ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀውን ከዚያ ቀጥሎ እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋን እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይንም እስከ ሰኔ 25 አድርገው ሥርዓቱን ወስነውልናል። ምድሪቱን የሚያርሰው ገበሬ ግን ሰማዩ ይህን ሥርዓት ጠብቆ የሚውልበትንም፣ አፍርሶ የሚያልፍበትንም ዓመት ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቃልና፣ የእርሻ ጥበቡን ያቆመው የመጣው ቢመጣ ቤተ ሰቡ እንዳይጠፋበት አድርጎ ነው። የዚህ ዳሰሳ ዓላማ ያን ጥበብ በየአገሩ መመልከትና ዛሬ ምን እንደሚያስፈልገው ማመልከት ነው።

የዝናሙ ጠባይ በየአውራጃው የተለያየ ነው። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ ዋናው ዝናም የክረምቱ ሲሆን፣ በወሎና በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቦታዎች ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው በልግ ገብስ ያበቅላል፤ ወደ ቦረናና ወደ ኮንሶ ሲወርዱ ደግሞ ዝናሙ በጸደይና በመፀው ሁለት ጊዜ እየመጣ በክረምት ይደርቃል። የሰላማዊ ውቅያኖስ ውኃ ከልማዱ በላይ በሚሞቅበትና ኤልኒኞ በሚባለው ጊዜ የክረምቱ ዝናም ብዙውን ጊዜ ይሳሳል፤ በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ተከታትለው በመጉደላቸው፣ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የእህል ርዳታ ፈላጊ ሆነ። ይሁን እንጂ ጉዳቱ በዝናሙ ብዛትና ማነስ ብቻ አይለካም፤ ዘግይቶ የገባ፣ በቡቃያው ጊዜ ያቋረጠ፣ ወይም ፍሬው ሳይሞላ ቀድሞ የወጣ ክረምት፣ ድምሩ ሙሉ ቢሆን እንኳ ጎተራውን ባዶ ያስቀራል።

የድርቅና የውርጭ ዝምድና ጎልቶ የሚታየው በደጋው ነው። ሰማዩ ከደመና ሲጠራ ምድር በመዓልት የተቀበለችውን ሙቀት በሌሊት ታወጣለች፤ የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለ ሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ በሜዳው ጎድጓዳ ይተኛል። ሲነጋ በአበባ ላይ ያለው ባቄላ ጠውልጎ፣ ፍሬው ገና ወተት የሆነው የገብስ ዛላም ነጥቶ ይገኛል፤ ከሩቅ ሲያዩት የደረሰ የሚመስለው ያ ዛላ፣ በመዳፍ ቢያሹት ከገለባ በቀር የሚወጣው የለም። ይህ መቅሠፍት የሚበረታው ከጥቅምት ጀምሮ በመሆኑ፣ ዝናም አንድ ወር የዘገየበት ገበሬ እሸቱን ለውርጭ አሳልፎ መስጠቱ ነው። ስለዚህ የደጋ ሰው ቶሎ የሚደርስ ገብስ ከዘሩ መካከል አያጣም፤ ውርጭ የማይችለውንም አዝመራ ከጎድጓዳው አርቆ በተዳፋቱ ላይ ይዘራል።

በራያና ቆቦ ሜዳ ያለው ገበሬ ደግሞ ከሰማይ ጋር የሚመካከረው በዘር ቅደም ተከተል ነው። ደጋሊት የሚባለው ማሽላ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ቢፈልግም፣ ፍሬው ለምግብ፣ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ስለሚበቃ፣ የሚያዝያ ዝናም እንደ ጣለ እርሱን ይዘራል። ቡቃያው ከደረቀበት መሬቱን እንደ ገና አርሶ ቶሎ የሚደርሰውን ማሽላ፣ ያም ካልሆነለት በሐምሌ ጤፍ፣ ሁሉ ባይሳካ በክረምቱ መውጫ በጥቁሩ አፈር በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይዘራል። ማሽላው ከፍ ሲል በመካከሉ ሽልሻሎ እያረሰ ያሳሳዋል፣ አረሙን ያጠፋል፣ ውኃውንም በፈሩ ውስጥ ያስቀራል፤ ከተራራው የሚወርደውንም ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራል።

ሌላው ብልሃት አዝመራን ማደባለቅ ነው። በወሎ፣ እንዲሁም በትግራይ ሓንፈጽ በሚባለው ልማድ፣ ስንዴና ገብስ በአንድ ማሳ ይዘራሉ፤ ዝናሙ ከበዛ ስንዴው ይበረክታል፣ ካነሰ ገብሱ ቤቱን ያድናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የኮንሶ እርከን ደግሞ፣ ትውልድ ከትውልድ ድንጋይ እየካበ አፈሩንና ዝናሙን በተራራው ላይ ያቆመበት ሥራ ነው። በደቡብ ያለው እንሰትም በጥቂት ሳምንት ድርቅ ስለማይሞት፣ በጉድጓድ የተቀበረው ቆጮ እህል ለታጣበት ወራት ስንቅ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በዘር ላይ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ብዙ ቤት የዘር እህሉን ለመብላት በተገደደ ጊዜ፣ የጠፋው የአንድ ዓመት ምግብ ብቻ አልነበረም፤ ለዚያው ቁልቁለትና ለዚያው ውርጭ በብዙ ዘመን የተመረጠው ዘር አብሮ ሊጠፋ ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመውን የዕፀዋት ዘር ማእከል ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ የአገሩ ዘር በማቀዝቀዣ ተቆልፎ እንዳይቀር፣ በሸዋና በወሎ ገበሬዎች ማሳ ላይ ተመልሶ እንዲዘራና እንዲመረጥ አደረጉ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 የአማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀበሉ።

የዘመናችን ዕውቀት የጨመረው ጥቅምም አለ። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ወቅቱ ሳይገባ ትንበያ ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ አዲ ሓ እንደ ተጀመረው ያለ የዝናም መድን ደግሞ ዝናሙ ከተወሰነው መጠን ሲያንስ፣ የማሳው ጉዳት አንድ በአንድ ሳይመረመር ለገበሬው ካሣ ይከፍላል። ነገር ግን ትንበያው በሬና ልዩ ልዩ ዘር ለሌለው ሰው ብዙም አይጠቅምም፤ የመድኑም ገንዘብ ዘሩን ገዝቶ የሚዘራበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ቢደርስ ረኃብን ከማስታገሥ አያልፍም። በጥሩ ዓመት እጥፍ የሚያፈራ አንድ ምርጥ ዘር አምጥቶ፣ በክፉ ዓመት የሚደርሱትን አምስት ዘሮች ከጎተራው ማስወጣትም ልማት ሊባል አይገባውም። ስለዚህ ባለ ሥልጣንም ሆነ ሊቅ፣ ነጋዴም ሆነ ለጋስ፣ ገበሬውን ለመርዳት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ የሚዘራውን ዘርና የሚዘራበትን ጊዜ ራሱ ይመርጥ ዘንድ የሚያስችለውን ያቅርብለት፤ በምርጫው ላይ ይጨምርለት እንጂ አይቀንስበት።